የእሸቱና የደብተሩ ጉዳይ

መስከረም 4 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ አርብ ገበያ

ዛሬ ጀመርሁ። ስሜ ላቀው አለባቸው ነው። ዕድሜዬ ሃያ፣ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስሁ፣ የሚኒስትሪን ፈተና ያለፍሁ፣ ሥራ የሌለኝ። ይህ የመጨረሻው ብዙ አይቆይም፤ ልቤ ነግሮኛል።

የተማረ ሰው ውሎውን ይጽፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ውሎ እስኪኖረኝ ድረስ ውሎ እንደሌለኝ እጽፋለሁ። ዛሬ ደጃፍ ተቀምጬ ዋልሁ። ሁለት አህያ አለፈ።

ደብተሩ ግን ግሩም ነው! ጀርባው ሰማያዊ፣ መቶ ቅጠል፣ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ከትምህርት ቤት የተሰጠኝ ነው። ሽፋኑን ከሱቅ በለመንሁት የስኳር ወረቀት ለብጄዋለሁ፤ እንዳይቆሽሽ ነው።

መስከረም 9

ጥጋቡ እያለከለከ መጣ። ጥጋቡ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከጎኔ ተቀምጦ ከእኔ የቀዳ ጓደኛዬ ነው።

ንፋስ መውጫ ላይ ጥራጥሬ እየገዛ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ኩባንያ መጋዘን ከፍቷል። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ሚዛን ያዥ፣ አንድ የመጋዘን ጸሐፊ። ስምንተኛን የጨረሰ፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ የአገሩን እህል የሚያውቅ። ይህ እኮ እኔ ነኝ! ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው በመስኮት እያየኝ ነው የጻፈው።

«ደመወዙስ?» አልሁት።

«እሱን ሳልጠይቅ ሮጥሁ» አለ።

ማመልከቻ ጻፍሁ። የጥጋቡንም እኔው ጻፍሁለት። ከዚያ ፊርማ ተለማመድሁ፦ የመጋዘን ጸሐፊ ላቀው አለባቸው። የ«ው»ን እግር እንደ በቅሎ ጭራ ብጎትተው ያምራል። ከደብተሩ ኋላ ሁለት ቅጠል በፊርማ አለቀ።

መስከረም 14

መልስ መጣ! መስከረም ሃያ ሰባት ቀን ንፋስ መውጫ እንድንቀርብና «የታማኝነት ፈተና» እንድንወስድ ይላል። የሒሳብ አይደለም። የአማርኛ አይደለም። የታማኝነት! ምኑን ከፍቼ ላጥና?

ለአባቴ አነበብሁላቸው። ሞፈር ይጠርቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«ሌባ ሻይ ተመልሶ መጣ በለኛ» አሉ።

«ኧረ ይሄ በወረቀት ነው፣ አባባ።»

«ያም የዘመኑ ወረቀት ነበር።» ከዚያ የቅድመ አያቴን ነገር አጫወቱኝ። በመንደሩ በቅሎ ጠፋች። ሌባ ፈላጊው ሌባ ሻይ መድኃኒቱን አጠጥቶ የለቀቀው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ከቅድመ አያቴ ደጅ ተደፋ። ያ ቤት የሌባ ቤት ተባለ።

«ወስደው ነበር እንዴ?»

«ቤቱ ከቁልቁለቱ ሥር ነበራ! የሰከረ ሰው ሽቅብ አይሄድ።» መጥረቢያቸውን አነሡ። «በቅሎዋ በሳምንቷ ገደል ሥር ሣር ስትግጥ ተገኘች። ስሙ ግን ሳይገኝ ሞተ።»

አባቴ ሲተርቱ ደስ ይላሉ። እኔ ግን የምፈራው ምን አለኝ!

መስከረም 17፣ መስቀል

ስለ ደመራው ልጽፍ ነው።

ውብነሽ ነበረች። ውብነሽ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር የጋሼ ታፈረ ልጅ ናት። ከእኔው ጋር ስምንተኛን ጨርሳ አሁን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት መዝገብ ትይዛለች። አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥልፉ አረንጓዴ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ባቄላ አበባ ጥቁርና ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፤ አሥራ አንድ ናት፣ ሹሩባዋ ማለቴ ነው። ስትስቅ በመጀመሪያ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች። እዚያ ላይ ነው ነገሩ፤ ስትረሳው።

«እንዴት ከረምህ፣ አይጡ?» አለችኝ።

«አይጡ ማን ነው?»

«ሂድ ወዲያ! አታውቀውም?» ብላ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ረሳችው።

ለምን አይጥ አለችኝ? ጥርሴ ነው? ቆሎ ስበላ እፈጥናለሁ፤ ያንን አይታ ይሆናል። በመስታወት አየሁት፤ ጥርሴ ደህና ነው።

ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ጥጋብ ነው አሉ።

መስከረም 22

ቤተ ልሔም ደብር ደርሼ ተመለስሁ፤ ፊደልና ዳዊት ካስቆጠሩኝ ከመሪጌታ ቀለመወርቅ ዘንድ። ዛሬም የኔታ ነው የምላቸው።

«የኔታ፣ ታማኝነት እንዴት ይጠናል?»

«ታማኝ ከሆንህ ምኑን ታጠናለህ? ካልሆንህ ደግሞ በአምስት ቀን አትደርስበትም።»

«ለፈተናው ነው እኮ።»

«የሰው ነገር በእጅህ አለ?»

«የለም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ምን አስሮጠህ?» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

በመንገድ ላይ ስለዚህ ደብተር አሰብሁ። የተሰጠኝ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ነገሩን በዝርዝር ለማስረዳት፦ ነሐሴ ላይ ጋሼ ታፈረ ዕቃ ቤቱን ሦስት ቀን አስቆጠሩኝ። ከላይ የነበረውን የደብተር እሥር ፈትቼ ቆጠርሁ፤ መልሼ ሳሥረው አንዱ ከውጭ ቀረ። ስጨርስ ጋሼ ታፈረ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። እግዚአብሔር ደግሞ ደብተር ከሰማይ አይወረውር፤ በሰው እጅ ነው የሚሰጥ። የእኔም እጅ የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ተሰጠኝ ማለት ይቻላል።

መስከረም 26፣ ንፋስ መውጫ፣ የጥጋቡ አጎት ቤት

እግሬ! የቀን ሙሉ መንገድ።

ግን ምን ዓይነት መንገድ! ባቄላው ግራና ቀኝ እስከ ደረት ደርሷል፤ አበባው ሲሸት ሰው ያሰክራል። እሸት በላን። ቁርስ እሸት፣ ምሳ እሸት። በእኛ አገር እሸት ሲደርስ መንገደኛ ከዳር ቀጥፎ ይበላል፤ «ለምን?» የሚል የለም። በእጅ ቀጥፎ በአፍ መጉረስ ነው ወጉ። በኪስ ሞልቶ፣ በኩታ ጫፍ ቋጥሮ መሄድ ግን ሌብነት ነው።

ጥጋቡ ኪሱን ሞላ።

«ነውር ነው! ነገ የታማኝነት ፈተና ያለበት ሰው!» አልሁት።

«ኪሴ ከእጄ በምን ይርቃል?» አለ።

ተቆጣሁት። አፈረ። ከዚያ ከኪሱ አካፈለኝ፤ በላሁ፤ ምክንያቱም አንዴ ከተቀጠፈ በኋላ...

መስከረም 27፣ እዚያው

አርባ ከአርባ!

አሥራ ሁለት ሆነን ገባን። ፈታኙ አቶ ደምሌ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ መነጽር ያደረጉ ወጣት። ከደብረ ታቦር በበቅሎ ስለመጡ መቀመጥ አቅቷቸው ቆመው ነው የፈተኑን።

«ይህ ፈተና ከውጭ አገር የመጣ ነው» አሉ። «ትክክል መልስና ስሕተት መልስ የለውም። 'አዎ' ወይም 'አይደለም' ከሚለው ሥር ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።» ስሕተት መልስ ከሌለውማ ማን ይወድቃል! ዘና አልሁ።

አርባ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም «ታውቃለህ?» ወይም «ወይ?» እያለ ያልቃል። ዋሽተህ ታውቃለህ? አይደለም። የሰው ደብዳቤ ከፍተህ ታውቃለህ? አይደለም፤ ማን ይጽፋል ለሰው! አሥራ ሰባተኛው፦ «ከሰው ማሳ ወይም ከሰው ዛፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቀጥፈህ በልተህ ታውቃለህ?» ይህ ስለ ሌባ ነው የሚጠይቅ። እኔ ሌባ አይደለሁም። አይደለም! ጥፍሬ ሥር የትናንቱ ባቄላ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ሠላሳ አንደኛው፦ «ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ወረቀት፣ እርሳስ ወይም ደብተር ወስደህ ታውቃለህ?» እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ብዕሩ ቀለም አልሰጥ ብሎኝ ነው። አይደለም።

አርባውም አይደለም! ወረቀቱ ሲታይ ምልክቱ በአንድ ረድፍ ቀጥ ብሎ እንደ ደህና ገበሬ ትልም ወረደ። አቶ ደምሌ ከወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ካርቶን አስቀምጠው በቀዳዳው አጮለቁ። ወንፊት ይመስላል።

ስንወጣ ጥጋቡን ጠየቅሁት።

«አንዱን አዎ፣ አንዱን አይደለም እያልሁ ወረድሁ» አለ። «ሲያዩት ያምራል። እንደ ጥልፍ።»

«ሳታነብ?»

«አርባ ጥያቄ ማን ያነባል?»

ምስኪን ጥጋቡ። ሥራ ስይዝ አልረሳውም።

መስከረም 30

ካኪ ኮት። ሁለት ኪስ ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከላይኛው ግራ ኪስ ብዕር። ለአባቴ ጋቢ፣ ለእናቴ የጎንደር ቀሚስ። ጫማ፤ ቡናማ ይሁን ጥቁር? ውብነሽ «ቡናማ አቧራ ይደብቃል» ትል ነበር አንድ ጊዜ። ለነገሩ እሷን ምን አገባት። ቡናማ ይሁን።

ጥቅምት 4፣ አርብ

ወደቅሁ።

ጥጋቡ አለፈ።

ሁለቱን መስመሮች ደግሜ አነበብኋቸው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ከንፋስ መውጫ ለገበያ የመጣ ሰው ነው ያወራው። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ «በታማኝነት ፈተና የወደቁ»፤ አሥራ አንድ ስም። በፊደል ተራ ስለሆነ እኔ ከላይ ሁለተኛ ነኝ። ላቀው መባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት። ከሥሩ ለብቻው፦ «ያለፈ፦ ጥጋቡ»።

ገበያው መሐል አለፍሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቅርጫቷን ወደ ጉያዋ ሳበች። ሽንኩርት! እንኳን ልሰርቅ፣ ሽንኩርት መብላትም አልወድ!

«በወረቀት ተመርምሮ ነው አሉ» አለች ለጎረቤቷ። «ወረቀት ደግሞ አይዋሽም።»

«ፊቱን ሲያዩት እኮ ምንም አይመስል።»

«ሌባ ምን ይመስል ኖሯል እቴ?»

ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው፤ ሳቅሁ። ይሄኔ ደግሞ «ይስቃል እንጂ!» አሉ።

ጥቅምት 8

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ጸሐፊ ይፈልጋል ብለውኝ ሄድሁ። ጸሐፊው ጽሕፈቴን አይቶ ወደደው፤ ስሜን አነበበና ወረቀቱን መለሰልኝ። «አልሰረቅህም ይሆናል። ግን ለምን ወደቅህ?» አለኝ። እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።

ጥጋቡ መጥቶ አለቀሰ፤ ሚዛን ያዥ ሆኖ እያለቀሰ! «ሳላነብ ነው ያለፍሁት፤ ካወቁብኝስ?» ይላል። የወደቅሁት እኔ ሆኜ ያለፈውን ሳባብል ዋልሁ።

ጥቅምት 13

ትናንት በሚካኤል ማኅበር እንደ ወትሮው ዳቦውን ላዞር ተነሣሁ። «ተቀመጥ አንተ፣ መንገድ ደክሞሃል» አሉኝና ሌላ ሰው አዞረ። መንገድ ከሄድሁ ግማሽ ወር አልፎኛል።

ይህ ምንም አይደለም። ዛሬ ያየሁት ነው ያልወጣልኝ። አባቴ ቁልፍ ያለው ሳጥን አላቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የርስቱን የግብር ደረሰኝ እዚያ ነው የሚያስቀምጥ። ዛሬ ጠዋት አያ ወርቁ መጡ፤ ጎረቤታችን ናቸው።

«ደረሰኟን እስቲ ልያት ብዬ ነው» አሉ። አይተው አልመለሷትም፤ በኩታቸው ቋጠሯት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሁለት ሰው መጣ፤ እነሱም «ልናያት»።

አባቴ ሦስቱንም ቆጥረው ሰጡ። ሳጥኑን ዘጉ። ቁልፉን በአንገታቸው አጠለቁና ወደ ማሳ ወረዱ። ቢቆጡኝ በተሻለ። የእኛ ቤት ከቁልቁለት ሥር አይደለም እኮ። የሌባ ስም ከደጃችን የጣልሁባቸው እኔ ነኝ።

ደግሞስ ምን አድርጌ? አርባውንም አይደለም አልሁ! አርባውንም!

እሺ፣ በእውነት ሠላሳ ዘጠኙን።

ጥቅምት 14

ውብነሽን ከወንዝ ስትመለስ አገኘኋት፤ እንስራዋን አወረደች።

«አይጡ፣ ከሳህ።»

«የሰው ሐዘን ላይ ትቀልጃለሽ?»

«ሠላሳ አንደኛውን ምን ብለህ መለስህ?»

ጥጋቡ ጥያቄዎቹን ላገር ሁሉ ነግሯል ማለት ነው። «አይደለም ነዋ!» አልሁ።

«ኧረግ!» አለች። «ያ የምትጽፍበት ደብተር ምነዋ የስኳር ወረቀት ለበሰ? በርዶት ነው?»

«እንዳይቆሽሽ።»

እንስራዋን አሸክሜያት ሄደች። ስለ ደብተር አለባበስ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ለጌጥ ነገር ትኩረት አላት ማለት ነው።

ጥቅምት 17፣ ሐሙስ

ብዕሬ ሆይ ቀስ በል! የዛሬውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አቶ ደምሌ የነገውን የአርብ ገበያ ጥራጥሬ ለማየት እየመጡ ነው ብሎ ጥጋቡ ቀድሞ ላከብኝ፤ በቅሏቸውን የሚስብ እሱ ነው። ልቀበላቸው ወጣሁ። በመንገድ መሪጌታ ቀለመወርቅን አገኘኋቸውና አብረን ሄድን። እነ ጥጋቡን ያገኘናቸው ከወይዘሮ ማሬ ባቄላ ዳር ነው። አቶ ደምሌ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ከበቅሎ ጋር አልታረቁም።

ወይዘሮ ማሬ ከማሳዋ መሐል ቀና አለች። «ምነዋ ጌታው! ባቄላዬ ይገማል?»

አቶ ደምሌ ደነገጡ። «አይ፣ እመቤቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እሸት እያዩ እንደ ጠላት ማሳ ያልፋሉ እንዴ? ቀጥፈው አይበሉም?»

«የሰው ማሳ ነው ብዬ ነው።»

«የሰው ካልሆነ የማን ሊበሉ ነው? የዝንጀሮ?»

አቶ ደምሌ ወደ የኔታ አዩ። የኔታ ቀጠፉና ሰጧቸው። በሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ በሉ። «እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር...» እያሉ ጥጋቡን እንዴት እንደሚፈለፈል ጠየቁት። ወይዘሮ ማሬ «ጎሽ፣ አሁን ሰው ሆኑ» ብላ ወደ አረሟ ተመለሰች።

መንገድ ቀጠልን። ቀጣዩ ማሳ ላይ ማንም የለም። አቶ ደምሌ እያወሩ እጃቸውን ሰደዱ፣ ቀጠፉ፣ ጎረሱ፤ ደግሞ ሰደዱ። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ አድርገው ቆሙ።

«አቶ ደምሌ፣ ይህ ማሳ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ።» አፋቸው ሞልቷል።

«ብላ ብሎዎታል ባለቤቱ?»

«ባለቤቱ የለም እኮ።»

«እንግዲያ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ምን ብለው ይመልሱታል?»

አቶ ደምሌ ማኘክ አቆሙ። ጥጋቡ በሳቅ ከበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፋ።

«ሌላም ልጨምርልዎት» አሉ የኔታ። «ማሳው የአለባቸው ነው። በመጋዘንዎ ግድግዳ ላይ ስሙን የለጠፉበት የዚህ የላቀው አባት። ኦሪትም በእጁ የቀጠፈውን አይከስስም፤ ማጭድ ይዞ የገባውን ነው።»

አቶ ደምሌ ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከመጡ ወዲህ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብለው አስረዱን። ወንፊቱ የሚይዘው ሌባውን ብቻ አይደለም። «ሁሉን አይደለም ያለ ሰው ይዋሻል፤ ከሰው ዛፍ ፍሬ ቀጥፎ ያልበላ ፍጡር የለም ብለው ነው ያዘጋጁት። አሥራ አንዳችሁም አሥራ ሰባትን አይደለም አላችሁ። እኔም ይህ ጋይንት የውሸታም አገር ነው ብዬ ለአለቆቼ ጽፌያለሁ።»

«እኛ እኮ ሌብነት መስሎን...» አልሁ።

«ገባኝ» አሉ። ጥፍራቸውን አዩ፤ አረንጓዴ ሆኗል። «መልሱን መለወጥ አልችልም። ዳግመኛ መፈተን ግን እችላለሁ። ዝርዝሩንም አስነሣለሁ።»

ከዚያ ጥጋቡ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ግንባሩን ያላበውን ነገር አወጣው። «ጌታዬ፣ እኔም ሳላነብ ነው የሞላሁት» አለ። ቀኑ የእውነት ቀን ነበር። አቶ ደምሌ ወደ እሱ ዞሩ። «ሚዛን ስትይዝም ሳታይ ነው የምትመዝነው?» «ኧረ እሱን አያለሁ!» «እንግዲያ አንተም ቅዳሜ ትፈተናለህ፤ ማንበብ ግዴታ ነው።»

እየዘለልሁ ገባሁ። እናቴ «እባብ ነደፈህ?» አለችኝ።

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

የተፈተንነው እዚሁ፣ በስምንተኛ ክፍላችን ነው፤ አራት ሆነን። የቀሩት ንፋስ መውጫ ይፈተናሉ። ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ ቤቱ ነው፤ ውብነሽ ጠመኔ ስትደረድር ይሰማል።

አሥራ ሰባትን በደስታ፦ አዎ! ጥጋቡ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፤ ላብ በላብ።

ሠላሳ አንድ ደረስሁ።

ብዕሩ ቀለም ይሰጣል። ዛሬ ደህና ይሰጣል። አይደለም ብል ማን ያውቃል? በአንድ «አይደለም» ወንፊቱ ሰው አይጥልም፤ አሁን ምሥጢሩን አውቄዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጠመኔው ዝም አለ። አባቴ ሳጥኑን ሲዘጉ ታየኝ። ያን ቀን ያልተቆጡኝ እኔን አምነው ነው፤ ልጄ አልወሰደም ብለው። እሸትን በእጅ፣ በኪስ አይደለም ብዬ ጥጋቡን የተቆጣሁ እኔ ነኝ። ይህ ደብተር ደግሞ በኪስ ነው የወጣው። በብብት፣ ልክ ለመናገር።

አዎ።

ሠላሳ ሁለተኛው፦ «የወሰድኸውን መልሰሃል ወይ?» አዎም አይደለምም አልሆን አለኝ፤ በጠርዙ ላይ «ልመልስ ነው» ብዬ ጻፍሁ።

አቶ ደምሌ ወንፊታቸውን አስቀምጠው አጮለቁ። «ከጠርዝ ላይ መጻፍ አይፈቀድም።»

«እውነቱ ሳጥኗ ውስጥ አልገባ አለኝ፣ ጌታዬ።»

ሳቁ ልበል? በመነጽሩ አልለየሁም። «ወንፊቱ አሳልፎሃል። ደብተሩን መመለስህን ግን ከዲሬክተሩ ደብዳቤ አምጣ፤ ሰኞ ጠዋት በቅሎዬ ከመጫኗ በፊት። ያለዚያ ጸሐፊነቱን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ጥጋቡም አለፈ! አንብቦ!

ይህን የምጽፈው በሰረቅሁት ደብተር ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ይቀላል።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ታፈረ ቤት ገባሁ። ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁሉን ነገርኋቸው። ጋሼ ታፈረ የዕቃ ቤቱን መዝገብ አስመጡ። ያመጣችው ውብነሽ ናት። ጣታቸውን አስኪደው አነበቡ፦

«ደብተር፣ ሰማያዊ፣ መቶ ቅጠል፣ አንድ። አይጥ የበላው።»

ጽሕፈቱ የውብነሽ ነው። ነሐሴ ሠላሳ ይላል።

አይጡ!

«ውብነሽ» አሉ ጋሼ ታፈረ፣ «ይህን አይጥ አይተሽዋል?»

«በመስኮት አየሁት፣ አባባ። አሁን ደግሞ በእግሩ መጣ» አለችና አፏን ሸፈነች።

«ለእሱ ብለሽ መዝገብ ላይ ዋሸሽ? የአንቺስ ፈተና ቁጥሩ ስንት ይሆን!» ጋሼ ታፈረ የተቆጡ መስለው ጺማቸውን አሹ። «ደብዳቤውን እጽፋለሁ። ደብተሩ ሲገባ።»

«ጋሼ፣ ተጽፎበታል።»

«ይግባ።»

«የተጻፈበትን ቀድጄ ባዶውን...»

«ከቀደድኸውማ አይጥ በላው የተባለው እውነት ሆነ! መቶ ቅጠል ወጣ፣ መቶ ቅጠል ይገባል። ነገ ጠዋት። የምትረከበውም መዝገብ ያዥዋ ናት፤ ቅጠል በቅጠል ቆጥራ፣ መዝገቧንም አርማ።»

እስከ አጥሩ የሸኘችኝ እሷ ናት። «ቀስ ብዬ ነው የምቆጥረው» አለችኝ።

ቤት ስደርስ አያ ወርቁ ከአባቴ ጋር ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ማሬ የአቶ ደምሌን አበላል፣ ጥጋቡም የወንፊቱን ነገር ላገር ሁሉ አውርተዋል። አያ ወርቁ ደረሰኛቸውን ከኩታቸው ፈተው ለአባቴ እየሰጡ፣ «ቤቴ አይጥ አስቸገረኝ፣ እንዳይበላብኝ ብዬ ነው» አሉ። ሳቅሁ። ማንም ለምን እንደሳቅሁ አላወቀም። እኔው ስለ ደብተሩ ለአባቴ ነገርኋቸው፤ አያ ወርቁ እየሰሙ። አባቴም «ነገሩን ራስህ ሽቅብ ይዘኸው ወጣህ?» አሉኝ። «ወጣሁ» አልሁ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሳጥኑን እኔ እንድከፍተው ሰጡኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21፣ ጎሕ ሲቀድ

የስኳሩን ወረቀት ላጥሁት። ማኅተሙ እንደ ተመታ አለ፦ የመንግሥት ንብረት።

ከፊት እስከዚህ ድረስ ሁሉንም አነበብሁ። ፊቴ ይነዳል። ከኋላ ሁለት ቅጠል ፊርማ። ሹሩባ አሥራ አንድ። ቡናማ ጫማ። አንድም መስመር አልሰረዝሁም፤ የሰረዝሁ ለት አይጥ ነኝ።

በቅሎዋ ሳትጫን መድረስ አለብኝ። መንገዱ ሽቅብ ነው።

ውብነሽ፣ መቁጠርሽ ካልቀረ ከመስከረም 17 ጀምሪ። ስለ ደመራው ያለው ከታች አንድ መስመር ነው፤ እሱን ብትዘይውም ግድ የለም።